«ቱግላቅ»ን ወደ መድረካችን አምጡልን

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች የተውኔት መራጭና ገምጋሚ ኮሚቴዎች
ግልባጭ፦ ለተርጓሚዎች፣ ለአዘጋጆች፣ ትኬት ቆርጦ ለሚገባው ተመልካች

ጉዳዩ፦ የጊሪሽ ካርናድ ተውኔት በአማርኛ ለመድረክ እንዲበቃ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፤

ሳልማን ካን ሰላይ ሆኖ ከሚተውንባቸው ፊልሞች ቢያንስ አንዱን ሳታዩ አልቀራችሁም። በ2012 እና በ2017 በወጡት ሁለቱ ውስጥ ለጀግናው ትእዛዝ የሚሰጥ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሚደመጥ የስለላ ድርጅት አለቃ አለ። ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘለል፣ መኪና ሲገለባበጥ እሱ ሞቅም ቀዝቀዝም አይልም። ብዙዎቻችን ስሙን ሳንጠይቅ አልፈነዋል። ጊሪሽ ካርናድ ይባላል። በ2019 ባንጋሎር ውስጥ በ81 ዓመቱ ሲያርፍ የአገሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ያነሱት ጸሐፌ ተውኔትነቱን ነበር፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ መጣ። እኛ ዘንድ ግን ፊቱ ሲገባ ሥራው ደጅ ቀረ። (እግረ መንገዴን፦ በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ካርናድ በ26 ዓመቱ፣ በ1964፣ ያሳተመውን «ቱግላቅ» የተሰኘ ተውኔት በአማርኛ አስተርጉማችሁ ለመድረክ አብቁት።

የውጭ ተውኔት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ጁልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ን እና «ሐምሌት»ን፣ ከሞልየርም «ታርቱፍ»ን ወደ አማርኛ አምጥተውልናል። ከአውሮፓ የመጣውን እጃችንን ዘርግተን ተቀብለናል። ከህንድ ያስገባነው ግን በአብዛኛው ፊልም ነው። በየሲኒማ ቤቱ ተሰልፈን ያለቀስንለት፣ ቋንቋውን ሳናውቅ ዘፈኑን በቃላችን የያዝንለት፣ ዛሬም በአማርኛ ድምፅ እየተመለሰ በቴሌቪዥን ሳሎናችን ድረስ የሚገባ ህንድ አለ። መድረክ ላይ የሚቆመውን ህንድ ግን አልጠራነውም። ልንጠራው ከፈለግን ደግሞ ከካርናድ የተሻለ መነሻ አይታየኝም።

ሰውየው ማን እንደሆነ ጥቂት ልበላችሁ። የተወለደው በ1938 ቦምቤይ አቅራቢያ ባለችው ማቴራን በምትባል የተራራ ከተማ ነው። እናቱ ገና በለጋ ዕድሜዋ፣ ልጅ ታቅፋ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን በነበረው የብራህሚን ቤተሰብ ልማድ ባሏ የሞተባት ሴት ሁለተኛ ማግባት ነውር ስለነበር ዕድሜዋ በማጀት እንዲያልቅ የተፈረደባት ያህል ነበር። እሷ ግን ነርስነት ተምራ ሥራ ያዘች፤ ዶክተር ራጉናት ካርናድ ከሚባል ሐኪም ጋር ተዋወቀች፤ የሰው አፍ እያስፈራቸው ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ተጋቡ። ካርናድ በ2011 በካንናዳ ቋንቋ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ መግቢያ ላይ እናቱ በስተርጅና የነገረችውን ጽፏል። እሱን ስታረግዝ ልጅ በቅቶናል ብለው ፅንሱን ለማስወረድ ፑኔ ወደምትገኝ አንዲት ዶክተር ክሊኒክ ሄደው ነበር። ዶክተሯ በቀጠሮዋ ሳትገኝ ቀረች። ጠብቀው ጠብቀው ተመለሱ፤ ደግመውም አልሄዱም። ካርናድ መጽሐፉን ያበረከተው በዚያች ቀን ከክሊኒኳ ለቀረችው ዶክተር ነው። የቀልዱን ዓይነት ከዚህ ትረዱታላችሁ፤ «ቱግላቅ»ም ውስጥ እንዲህ ያለ ፊቱን ቅጭም አድርጎ የሚቀልድ ሰው አለ።

ያደገው ሲርሲ በምትባል፣ በካርናታካ ደን መካከል ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሁለት ዓይነት ቴአትር እያየ አደገ። አባቱ ቤተሰቡን ሰብስበው የሚወስዱት ከከተማ ከተማ ወደሚዞሩት የተዋናዮች ቡድኖች ነበር፤ እነዚህ ተሸፍኖ በተሠራ አዳራሽ፣ በመጋረጃና በማሾ ብርሃን የሚጫወቱ ናቸው። መኸር ሲሰበሰብ ደግሞ ከቤቱ ሠራተኞች ጋር ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ተቀምጦ ያክሻጋና የተባለውን የአገሬውን የዘፈንና የጭፈራ ተውኔት ያያል፤ መብራቱ ችቦ ነው። ከዓመታት በኋላ ቦምቤይ ሄዶ ኢብራሂም አልካዚ የተባለ አዘጋጅ ያቀረበውን የስዊድናዊውን ደራሲ የስትሪንድበርግን ተውኔት ሲመለከት ሌላ ነገር ገጠመው። የመድረኩ መብራት በኤሌክትሪክ ቀስ እያለ ይደምቃል፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። መብራት የሰውን ልብ ውስጥ እንደሚያሳይ ያወቀው ያኔ ነው። ማሾ፣ ችቦና ዲመር (ብርሃን አድማቂና አደብዛዡ)፤ የካርናድ ቴአትር ከሦስቱም ወስዷል።

በሒሳብና በስታቲስቲክስ ተመርቆ በ1960 በሮድስ ስኮላርሺፕ ወደ ኦክስፎርድ አቀና። የኦክስፎርድ ዩኒየን የተባለው የተማሪዎች የክርክር ማኅበርም ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። ምኞቱ በእንግሊዝኛ ገጣሚ ሆኖ እዚያው መቅረት ነበር። ከመሄዱ በፊት ግን ቤቱ ታመሰ፤ ወላጆቹ ልጃችን ቀልጦ ይቀራል፣ የፈረንጅ ሴት ያገባል ብለው ሰጉ። በዚያ ጭንቀት መካከል ብዕሩ ያላሰበውን ነገር ጻፈ። ግጥም ሲጠብቅ ተውኔት መጣለት፤ እንግሊዝኛ ሲጠብቅ ካንናዳ መጣለት። (ካንናዳ የካርናታካ ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ የካርናድ የቤቱ ቋንቋ ደግሞ ኮንካኒ ነበር።) «ያያቲ» የተሰኘው ይህ ተውኔት ማሃባራታ ከተባለው የህንድ ጥንታዊ ታላቅ የግጥም ተረክ የተወሰደ ነው፦ ያለ ዕድሜው እንዲያረጅ የተረገመ ንጉሥ እርግማኑን የሚቀበልለት ሰው ሲፈልግ የገዛ ልጁ ወጣትነቱን ይሰጠዋል። ወላጅ የልጁን ዕድሜ ሲበላ ማለት ነው። ካርናድ ከጥንቱ ተረት ላይ የጨመረው የልጁን ሚስት ነው። ትናንት ወጣት ያገባች፣ ዛሬ ሽማግሌ የሚጠብቃት ሙሽራ፤ እሷን ማንም አልጠየቃትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ካርናድ ከኦክስፎርድ ተመልሶ ማድራስ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። ኪርቲናት ኩርትኮቲ የተባለ ሐያሲ በካንናዳ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ረብ ያለው ታሪካዊ ተውኔት የለም ብሎ ነበር። ወጣቱ ካርናድ ይህን እንደ ፈተና ወስዶ የህንድን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማገላበጥ ያዘ፤ ሙሐመድ ቢን ቱግላቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህ ሱልጣን ከ1325 እስከ 1351 ደልሂ ላይ የነገሠ፣ ፍልስፍና የሚያውቅ፣ ቅኔ የሚወድ፣ በዙፋን ላይ ከተቀመጡት ሁሉ የተማረ የሚባል ሰው ነበር። ዋና ከተማውን ከደልሂ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወደ ዳውላታባድ አዛወረ፤ ሕዝቡንም ተነስ ብሎ ነዳው። የብር እጥረት ሲገጥመው የመዳብ ሳንቲም አሳትሞ ዋጋው ከብር እኩል ይሁን ብሎ አወጀ፤ አገሩ በሐሰተኛ ሳንቲም ተጥለቀለቀ። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በዚህ ሱልጣን ዘመን የደልሂ ቃዲ ሆኖ አገልግሏል፤ ስለ ቸርነቱም ስለ ጭካኔውም አንድ ላይ ጽፎልናል።

ተውኔቱ የሚከፈተው ፍርድ ቤት ደጃፍ በተሰበሰበ ሕዝብ ነው። አንድ ድሃ ብራህሚን መሬቴን ያለአግባብ ወስደሃል ብሎ ሱልጣኑን ከሶ ረትቷል። ሱልጣኑ ወጥቶ በሕዝብ ፊት ጥፋቱን ያምናል፤ ለከሳሹ ገንዘብና የመንግሥት ሥራ ይሰጠዋል። ሕዝቡ ገና አፉን ይዞ ሳለ ዋና ከተማውን ወደ ዳውላታባድ እንደሚያዛውር ይነግራቸዋል። ምክንያቱም ያማረ ነው፦ ዳውላታባድ የሂንዱዎች ከተማ ናት፤ ሙስሊሙንና ሂንዱውን በዚያ ላስተሳስር ይላል። ጥቂት ቆይተን ያ ድሃ ብራህሚን ብራህሚን እንዳልሆነ እናውቃለን። አዚዝ የሚባል ልብስ አጣቢ ነው። ሱልጣኑ ሙስሊም ነውና ሂንዱ መስሎ ቢከስሰው ፍትሐዊነቱን ለማሳየት ሲል እንደሚፈርድለት አስልቶ ነው። የመሪው ቅንነት ለአጭበርባሪው የእንጀራ ገመድ ሆነለት። ከዚያ በኋላ አዋጅ በወጣ ቁጥር አዚዝ ቀዳዳውን ያገኛል።

ከዳውላታባድ ጉዞ አንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። መንገድ ዳር ድንኳን ተተክሏል፤ አዚዝ አሁን ስደተኛውን የሚቆጣጠር ሹም ነው። አንዲት ሴት የታመመ ሕፃን ታቅፋ መጥታ ለሐኪም ላሳየው፣ ከሰልፉ ልውጣ ብላ ትለምነዋለች። አዚዝ ጉቦ ይጠይቃታል። ያላትን ብትሰጠው ለሐኪሙ የሚተርፋት የለም። ጓደኛው ልቡ ተነክቶ ተዋት እንጂ ሲለው የአዚዝ መልስ ዓይኑን አያሽም፦ ልጁ መሞቱ አይቀርም፤ ገንዘቧን ለሐኪም ከምታባክነው ለእኔ ብትሰጠኝ ይሻላታል። ተመልካቹ በሳቀ በደቂቃው በሳቁ ያፍራል። ወረፋ ይዞ፣ ፋይል ታቅፎ፣ በሹም ፊት ቆሞ የማያውቅ ተመልካች የትም አገር የለም፤ ትዕይንቱን ሲያይ ከመቀመጫው ተንቀሳቅሶ ጎረቤቱን ካላየ እኔን ውቀሱኝ።

ሱልጣኑ ደግሞ በእጁ ያለው የቼዝ ጨዋታ ነው፤ መጀመሪያ ከእንጀራ እናቱ ጋር ስናገኘው እንኳ ቀድሞ ማንም ያልፈታውን የቼዝ እንቆቅልሽ ፈታሁ ብሎ ነው የሚነግራት። ሰዎችንም እንደዚያው ያንቀሳቅሳል። የሚቃወመውን የሃይማኖት ሰው፣ መልኩ እሱን የሚመስለውን ሼክ፣ የንጉሥ ካባ አልብሶ የሰላም መልእክተኛ አድርጎ ወደ አመጸኛው ጦር ይልከዋል፤ ጠላት ሱልጣኑ መስሎት በቀስት ይገድለዋል። አንድም ሰው ሱልጣኑ ገደለው ማለት አይችልም። ባለሟሎቹ በጸሎት ላይ ሳለ ሊገድሉት ሲያሴሩ ደርሶባቸው ይፈጃቸዋል፤ ከዚያም በመላ ግዛቱ ጸሎት ይከለክላል። የሚወዳት እንጀራ እናቱ የቅርብ አማካሪውን ማስገደሏን ስትናዘዝለት እሷንም በድንጋይ እንድትወገር ይፈርድባታል።

በእኔ ዓይን የተውኔቱ ልብ ያለው ግን በአንድ የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ነው። ሱልጣኑ በወጣትነቱ የፋርሱን ባለቅኔ ሳዲን እያሰበ ጽጌረዳዎቹ ግጥም የሚሆኑበት አትክልት ለመትከል አልሞ ነበር። የመዳቡ ሳንቲም ሲከስር ግምጃ ቤቱ ሐሰተኛውንም እውነተኛውንም በብርና በወርቅ ሊለውጥ ይገደዳል። በጋሪ እየተጫነ የመጣውን ሐሰተኛ ሳንቲም የት እናድርገው ሲሉት ጽጌረዳው ቦታ ላይ ይከመር ይላል። በመጨረሻው ላይ ሱልጣኑ በሌሊት ወጥቶ በዚያ ክምር መካከል ይንጎራደዳል። እንዲህ ያለ ምስል ለመድረክ ንድፍ ባለሙያ የተሰጠ ገጸ በረከት ነው፤ ባዶ መድረክና ጥቂት ጆንያ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ሳወራ አፄ ቴዎድሮስ ትዝ ሳይሏችሁ አልቀረም። ሕልሙ ከአገሩ አቅም የቀደመ፣ ሕልሙ ሲመክንበት እጁ ወደ ሰይፍ የፈጠነ ንጉሥ እኛም አለን፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስለ ቴዎድሮስ ተውኔት ጽፈዋል። «ቱግላቅ» በእኛ መድረክ ላይ የሚያስተጋባበት ጉድጓድ ተቆፍሮ ቆይቷል ማለት ይቻላል። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር አደራ፦ ቱግላቅን ሹሩባ እንዳትሠሩለት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእኛ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሽጉጡን ጠጥቶ በትራጄዲ ተሰናብቷል። ካርናድ ለሱልጣኑ ሞት እንኳ አልሰጠውም። በመጨረሻው ትዕይንት አዚዝ፣ አሁን ደግሞ ከባግዳድ ከሊፋዎች ዘር የሆነን እንግዳ ገድሎ በስሙ የሚንቀሳቀሰው አዚዝ፣ ተይዞ ሱልጣኑ ፊት ይቆማል። ያዋጅህን እያንዳንዱን ቃል የፈጸምኩ ታማኝ ተማሪህ እኔ ነኝ ይለዋል። ሱልጣኑ ይስቃል፤ ይምረዋል፤ የጦር ሹመትም ይሰጠዋል። የታሪክ ጸሐፊው ወዳጁ ባራኒ ጥሎት ይሄዳል። ሱልጣኑ በዙፋኑ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ በአዛን ድምፅ ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም። ንጉሡ ይኖራል፤ ያለቀው ሌላው ነው።

የህንድ ሐያስያን ተውኔቱን ያነበቡት በመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትራቸው በኔህሩ ዘመን ተስፋ ላይ የወደቀውን ጥላ እያሰቡ ነው። አገሩ ነጻ ስትወጣ የ9 ዓመት ልጅ የነበረ ደራሲ በ26 ዓመቱ የጻፈው ስለሆነ ንባቡ የተሳሳተ አይመስለኝም። ዳሩ ግን ተውኔቱ በአንድ ዘመን ታስሮ አልቀረም። ቢ. ቪ. ካራንት ወደ ሂንዱስታኒ መለሰው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አልካዚ በደልሂ አሮጌው ምሽግ ፍርስራሽ ውስጥ፣ እውነተኛውን የድንጋይ ግንብ መድረክ አድርጎ አሳየው፤ ማኖሃር ሲንግ ቱግላቅን ሆኖ ተጫወተ። በቦምቤይ አሊክ ፓዳምሲ በእንግሊዝኛ ሲያዘጋጀው ትርጉሙን የሠራው ራሱ ካርናድ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አማርኛ ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ቢነሳ በደራሲው እጅ የተጻፈ ቅጂ ይዞ ይነሳል፤ «ከሁለተኛ ቋንቋ ተተረጎመ» የሚለው የተለመደ ስሞታ እዚህ ላይ ጥርስ የለውም።

ስለ ፊልም ሕይወቱ አጠር አድርጌ ላውራ፤ እናንተን የሚመለከታችሁ ለመድረኩ ያደረገው ነገር ነውና። በ1970 «ሳምስካራ» በተባለው ፊልም ውስጥ የታሪኩን ድርሰት ለስክሪን አዘጋጅቶ በዋና ተዋናይነትም ሠራ። ታሪኩ ሕጉን ሁሉ ጥሶ የኖረ ብራህሚን ሲሞት ሬሳውን ማን ያቃጥል በሚል ክርክር የተያዘች መንደር ታሪክ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም አይበላም፣ ወረርሽኝም እየገባ ነው። ሳንሱር መጀመሪያ አገደው፤ በኋላ ተፈቅዶ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ብሔራዊ ሽልማት ወሰደ። በ1976 በሽያም ቤኔጋል «ማንታን» ውስጥ ገበሬዎችን በወተት ኅብረት ሥራ ለማደራጀት መንደር የሚገባውን የእንስሳት ሐኪም ሆነ። የዚህን ፊልም ወጪ የሸፈኑት እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ ያዋጡ 500,000 የጉጃራት ወተት አምራች ገበሬዎች ናቸው። ገንዘብ የለም እየተባለ ስንት ሥራ በሚቀርበት አገር ይህን ማንበብ ደም ያሞቃል። ፊልሙ ታድሶ በ2024 በካን ፌስቲቫል እንደገና ታይቷል።

ከዚያ መካከል አንድ ታሪክ አልዘልም። ካርናድ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው የፑኔ የፊልምና ቴሌቪዥን ተቋም ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። የትወና ተማሪዎች አድማ መቱበት፤ ከአድማው ግንባር ቀደሞች አንዱ ናሲሩዲን ሻህ የተባለ ልጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሽያም ቤኔጋል ለ«ኒሻንት» ፊልሙ ተዋናይ ሲፈልግ ካርናድ ያን አስቸጋሪ ተማሪ ጠቁሞ ላከው። ናሲሩዲን ሻህ በኋላ ከህንድ ታላላቅ ተዋንያን አንዱ ሆነ፤ ይህንንም ውለታ ራሱ ተናግሮታል። ቂም ይዞ ተዋናይ መምረጥ ለሚቀናን ሁሉ የሚሆን ታሪክ ነው፤ ስም አልጠራም።

ፊልሙና ቴሌቪዥኑ እንጀራ ሰጡት። በ1980ዎቹ «ማልጉዲ ዴይስ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ የልጁ የስዋሚ ቁጡ አባት ሆኖ የአገሩ ልጆች ሁሉ ያውቁት ነበር። እሱ ግን ከሁሉም ሙያ ይልቅ ቤቴ የሚለው ተውኔት መጻፍን እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ካሜራው የሚከፍለውን እየተቀበለ ለመድረክ መጻፉን እስከ ዕለተ ሞቱ አላቋረጠም፤ የመጨረሻ ተውኔቱ በ1565 ስለተካሄደው የታሊኮታ ጦርነት ነው። በእኛም ከተማ ፊልምና ማስታወቂያ የቴአትር ተዋናዩን ይዞት ሄደ የሚል እሮሮ እሰማለሁ። እሮሮው እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ተዋናዩ የሚመለስበት የሚያጓጓ ተውኔት መኖሩንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለማኖሃር ሲንግ ዓይነት ተዋናይ «ቱግላቅ» እንደዚያ ያለ ተውኔት ነበር።

ከኮሚቴው ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎችን አውቃለሁ። የሴት ገጸ ባሕርይ ያንሳል ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ከእንጀራ እናቱና ሕፃን ከታቀፈችው ሴት በቀር ሴት የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ ይህ የተውኔቱ ድክመት ነው ብዬ አምናለሁ። ሴት ተዋንያን ላሉት ቡድን በ1988 የተጻፈው «ናጋ ማንዳላ» ይሻላል፤ ባሏ ቤት ቆልፎባት የሚሄድ ሴት ዘንድ እባብ የባሏን መልክ ይዞ ማታ ማታ ይመጣል። ወይም «ሐያቫዳና»ን ተመልከቱ። አንዱ በአእምሮው፣ ሌላው በጉልበቱ የታወቁ ሁለት ጓደኛሞች አንገታቸውን ይቆርጣሉ፤ የአንደኛው ሚስት ጣኦቷ ስትፈቅድላት በጨለማው ግርግር ጭንቅላቶቹን አቀያይራ ትገጥማለች። ባሏ የትኛው ነው? ታሪኩን የሚመራው ዘፋኝ ተራኪ ስለሆነ እኔ ብሆን ያን ቦታ ማሲንቆ ለያዘ አዝማሪ እሰጠው ነበር። እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያ ምርጫዬ «ቱግላቅ» እንደሆነ ይቆያል።

የጸሎት ክልከላው ክፍል ደግሞ ምእመናንን ሊያስቀይም ይችላል የሚል ስጋት አለ። ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ አለባበሱን፣ አዛኑን፣ የሼኩን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ከልምምዱ መጀመሪያ ጀምሮ አብሮ መቀመጥ አለበት። ተውኔቱ ግን ሃይማኖትን አይነካም፤ ሃይማኖትን መሣሪያ ያደረገውን ሹም ነው የሚያጋልጠው፤ በህንድም ሙስሊምና ሂንዱ አንድ አዳራሽ ተቀምጦ አይቶታል። ካርናድ በዚህ ጉዳይ ፈሪ ሰው አልነበረም። በ2017 የተገደለችው ጋዜጠኛ ጋውሪ ላንኬሽ ሙት ዓመት በ2018 ሲታሰብ፣ የመተንፈሻ ቱቦ አፍንጫው ላይ እንደተሰካ፣ የመንግሥት ተቺዎች የሚወነጀሉበትን ስያሜ «እኔም ነኝ» የሚል ጽሑፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባንጋሎር አደባባይ ተቀምጧል። አንዳንዴ አብዝቶታል የሚሉም አሉ። በ2012 ስለ ቴአትር እንዲናገር ተጋብዞ ጊዜውን በሙሉ ደራሲው ቪ. ኤስ. ናይፖል ስለ ህንድ ሙስሊሞች የጻፈውን በመተቸት ጨርሶታል። ለእኔ ትችቱ ተገቢ ነበር፤ ጋባዦቹን ግን አዝኜላቸዋለሁ።

ህንድ ለእኛ ምን ናት የሚል ካለ ደግሞ ካርታ እንዲያወጣ እጠይቀዋለሁ። ቱግላቅ ሕዝቡን የነዳባት ዳውላታባድ አጠገብ ኩልዳባድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ የተቀበረው ማሊክ አምባር ነው፤ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ደካን ወደሚባለው የደቡብ ህንድ አምባ የደረሰ፣ በኋላም የአሕመድናጋርን ሱልጣኔት በእንደራሴነት የመራ፣ ለሙጋል ጦር ለዓመታት አልበገር ያለ ሰው። በ1610 በዚያው አካባቢ የቆረቆራት ኪርኪ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ከተማ ናት። ተውኔቱ የሚያልቅበት መሬት ላይ ከሦስት መቶ ዓመት ግድም በኋላ የእኛ ሰው ገዝቷል። ይህን በፕሮግራሙ በራሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ብታትሙት ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ የሚነጋገርበት አያጣም።

ከእንግዲህ የሚቀረው ሥራ ነው። የትርጉምና የመድረክ ፈቃዱን ከደራሲው ወራሾችና ከአሳታሚው በጽሑፍ ማግኘት ቀዳሚው ነው፤ ይህን ሳትጨርሱ ልምምድ አትጀምሩ። ተርጓሚው ታሪክ የሚያውቅ፣ በተለይም የቤተ መንግሥቱንና የገበያውን አማርኛ ለይቶ የሚጽፍ ይሁን፤ ሱልጣኑና አዚዝ በአንድ ዓይነት ቋንቋ ከተናገሩ ተውኔቱ ሞተ። ቀረርቶ የሚቀናው ተዋናይ ለቱግላቅ አይሆንም፤ ቼዝ ሲጫወት ዝም ብለን የምናየው ሰው ፈልጉ። አዚዝን ደግሞ ለኮሜዲ ተዋናይ ስጡት፣ ከሁሉም የምንወደውን፣ ገና ሲገባ የምናጨበጭብለትን። ያቺ ሴት ሕፃኑን ታቅፋ ፊቱ ስትቆም እሱን ማየት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቴአትር ተመልካች
አዲስ አበባ